አልጋ ሰባት ላይ የተኛው

ጅማ ኢንተርን ሳለሁ እንቅልፍን በዝና ብቻ ነበር የማውቀው። ቀን ሠርተን፣ ተረኛ ሆነን አድረን፣ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራ እንቀጥላለን። ደም ይዤ ላቦራቶሪ የምሮጠውም፣ የጠፋ ዊልቸር የምፈልገውም እኔው ነኝ። በሽተኛን በስሙ ለመጥራት ጊዜ ስለሌለን ሁሉም በአልጋ ቁጥሩ ነው የሚታወቀው። «ሰባት ቁርስ እንዳይበላ፣ ዛሬ ኦፕራሲዮን አለው» እንባባላለን።

ሰባት ከሰቃ የመጡ፣ ቡአ ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት የደም ግፊታቸውን እየለካሁ ግንባሬ ክንዳቸው ላይ ዘፍ አለ።

«ኮቱ ረፊ» አሉኝ ከአልጋው እየወረዱ። «ና ተኛ፣ ልጄ። እኔማ ስተኛ ነው ያደርኩት።»

«ኧረ አባባ፣ በሽተኛው እርስዎ ነዎት!»

«ወላሂ አንተ ትብሳለህ።»

ለእንግዳ ቦታ ሳይለቁ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። አፍታ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ጋቢያቸውን እስከ አናቴ አልብሰውኝ ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ።

የነቃሁት አልጋው ሲንገጫገጭ ነው። ተላላኪው «ሰባትን አምጣ» ተብሎ ሰባትን እየገፋ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ደርሷል። ጋቢውን ገልጬ ብድግ ስል «ያ ረቢ!» ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሬዚደንቱ፣ ማለትም ለቀዶ ሕክምና የሚሠለጥነው ሐኪም፣ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። አብሮኝ ነው ያደረው፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ሰባት አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ፣ ከምሩ።

እኔን! ስንት ሌሊት አብሮኝ ያደረ ሰው! ያኔ ነው በእውነት የደነገጥኩት።

አልጋውን እየገፋን ተመለስንና የሆነውን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ቡአቸውን ደግፈው እስኪበቃቸው ሳቁ።

«በሉ እንሂድ አባባ፣ የምሠራዎት እኔ ነኝ» አለ ሬዚደንቱ።

ሳቃቸውን አቆሙ። ዓይኑን ትክ ብለው አዩት።

«አንተስ መቼ ነው የተኛኸው?»

ሬዚደንቱ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«እኔን ከዚህ ልጅ ካልለየህ፣ ቡአዬን ከአንጀቴ በምን ትለያለህ?» አሉና አልጋውን መታ መታ አደረጉት። «ነገ ትሠራኛለህ፣ ኢንሻአላህ። አሁን ኮቱ ረፊ።»

ሬዚደንቱ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ማዛጋት ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ለነገ አዛወረው።