አባቴ ወደ ባሕሩ የገቡበት ቀን

ከሚሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ውቅያኖሶች የሚያወሳው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ሰው ከታንኳ ተነሥቶ በሸራ፣ ከዚያም በሞተር ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ፣ ነጋዴውም ሐጃጁም በባርነት የተጋዘውም በዚያው ውሃ ላይ እንዴት እንዳለፈ ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ባሕር አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ግን ቀሪውን ሰዓት የሰው ወሬ የማወራ መሰለኝ። ቤቴ ሳልደርስ፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ባሕር ዳርቻ ላይ ለመቆም ወስኜ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ባሕርን የሚያውቅ ሰው አለ። አባቴ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ሲያራግፉ ኖረዋል። ድንበሩ ሲዘጋ አንዲት ሻንጣ ይዘው ተመለሱና እዚሁ ከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ላይ ማሽላ ማረስ ጀመሩ። ስለ ወደቡ ሲጠየቁ የስንዴውን ጆንያ ክብደትና የሙቀቱን ነገር ያነሣሉ እንጂ ስለ ባሕሩ አውርተው አያውቁም።

አብረን እንሂድ ስላቸው ጉልበቴን ያመኛል አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ከብቱን ማን ይጠብቃል አሉ፤ አጎቴ እንደሚጠብቅ ነገርኳቸው። በመጨረሻ አሰብ መሄድ እንደማይቻል አስታወሱኝ። ጅቡቲ እንሄዳለን፣ ውሃው ያው ነው አልኳቸው። ደሴ ሄጄ ለሁለታችንም የፓስፖርት ቀጠሮ ያዝኩ። ፎቶ የምንነሣ ዕለት ሳልቀሰቅሳቸው ተነሥተው፣ ጺማቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

በባቲ አድርገን ወደ ቆላው ወረድን። መንገዱን የሞላው ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ነበር። አባቴ በመስኮቱ እያዩ፣ በእሳቸው ጊዜ አብዛኛው ዕቃ በሰው ትከሻ ይወርድ እንደነበር ነገሩኝ።

ጅቡቲ በደረስን ማግሥት ጠዋት ወደ ባሕሩ ሄድን። ውሃው የለም። እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋና ጭቃ ብቻ ነው፤ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ የመጣሁ መስሎኝ ከፋኝ።

"ሄዷል፤ ይመለሳል" አሉ አባቴ፣ አንድ አጭር ግንብ ላይ እየተቀመጡ።

የውሃውን መሸሽና መመለስ ለዓመታት ከመጽሐፍ አስተምሬያለሁ። ቀትር ሲቃረብ ድምፁን ሳያሰማ እየተሳበ መጣ፤ ጀልባዎቹም አንድ በአንድ ቀና አሉ።

አባቴ ያወሩልኝ ያኔ ነው። አሰብ ላይ ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ የጨፋ ሮቢት ሰው ነበር። አንድ ቀን ጆንያ እንደተሸከመ ከመሸጋገሪያው ሳንቃ ላይ አዳልጦት፣ በመርከቡና በወደቡ ግንብ መካከል ወደቀ። ከሁሉም የሚቀርቡት አባቴ ነበሩ፤ ዋና ግን አይችሉም። ገመድ ወረወሩለት፤ አልደረሰለትም። ሌሎች ዘለው ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታ ነበር። አገር ቤት ላለችው እህቱ በሕመም ሞተ ብለው የላኩባት አባቴ ናቸው።

"ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት እዚያው ሠራሁ፤ እግሬን ግን ባሕሩን አላስነካሁትም" አሉኝ።

ቢገቡ ኖሮ ሁለታችሁም ትሞቱ ነበር አልኳቸው። እውነት ነው አሉ፤ የከበዳቸው አለመግባታቸው ሳይሆን ለእህቱ መዋሸታቸው ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ፈራሁ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ እኔም ብሆን ዋና አልችልም። ይቅርብዎት ብዬ ለመንኳቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እጄን ያዢኝ" አሉ።

ቢስሚላህ ብለው ገቡ፤ እኔም ከነቀሚሴ ተከተልኳቸው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ወገባቸው ጋ ሲደርስ ቆሙና በሁለት እጃቸው እየዘገኑ ፊታቸውን ታጠቡ። ለሟቹ ዱዓ አደረጉ። ማዕበሉ እኔን ሲያንገዳግደኝ እሳቸው አልተነቃነቁም። ሲወጡም ወደ ኋላ አላዩም። አገር እንደገባን ጨፋ ሮቢት እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን ሄድን። እህትየዋ አርጅተዋል፤ ማሽላ ከፊታቸው አድርገው ሲሸጡ አገኘናቸው። አባቴ አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና በኦሮምኛ ጀምረው አማርኛ እየቀላቀሉ፣ ሳንቃውንም ገመዱንም ውሸቱንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው።  ሴትየዋ ገመዱ ሊደርስለት ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ጠየቁ።

"አንድ ክንድ" አሉ አባቴ።

"አይቶሃል?"

"አይቶኛል። ስሜንም ጠርቷል።"

"እንግዲያው ብቻውን አልሞተም" አሉ ሴትየዋ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ጥቂት አለቀሱ። ሲጨርሱ ጆንያቸውን ገፋ አድርገው ለአባቴ ቦታ ለቀቁላቸው።

አባቴ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሶላት ድረስ ከጎናቸው ተቀምጠው ስለ ወንድማቸው አወሩላቸው፤ ምን ይበላ እንደነበር፣ በምን ይስቅ እንደነበር። ገዢ ሲመጣ ማሽላውን የምሰፍረው እኔ ነበርኩ።