ጭስ የሌለው እሳት

ወረታ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንግዳ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የወፍጮ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ የሞተ የውኃ ፓምፕ አስነሥቻለሁ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ግራ ሲገባቸው እኔን አስጠርተዋል። ይህን የማነሣው ቀጥሎ የምናገረውን የሠራው ሰው ሞኝ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

ባለፈው ወር ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ አዳራሽ ሰብስቦን ከሣር ከሰል እንዴት እንደሚሠራ አስተማረን። ጥቁሩ ድቡልቡል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። አሸተትኩት። እኔ ይህን ስሠራ ያ ልጅ አልተወለደም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቶሎ ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው አቀበልኩት።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬት ሲሸጋሸግ ጓደኞቼ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያበቅል ጥቁር መሬት ደረሳቸው። ለእኔ ከከተማው በላይ ያለ ጭንጫ ወጣልኝ። ጤፍ ቢዘሩበት ዘሩን እንኳ አይመልስም፤ ከሰምበሌጥ ሣር በቀር የሚበቅልበት አልነበረም። "ድንጋይ ወረስህ" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የፎገራ ሜዳ ዛፍ የለውም፤ የምናነደው ኩበት ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ ኩበቱ ይርሳል፣ ቤቱ ሁሉ በጭስ ይታፈናል፣ የሴቶቹ ዓይን በርበሬ ይመስላል። ሰምበሌጡን ኅዳር ላይ አጨድኩት፤ በርሚል ውስጥ አፍኜ አከሰልኩት፤ ዱቄቱን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሼ በጡጫ ልክ አድቦለቦልኩት።

አፈሩን የሰጡኝና አለዋወሱን ያሳዩኝ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ሰው ቡዳ እያለ ይሸሻቸዋል፤ እኔ ግን እውቀት ካለበት አልሸሽም። የመጀመሪያውን ስናነድ አጎንብሰው አዩት።

"ይኼ እሳት ጭሱን የት ደበቀው?" አሉ።

"ጭስ የለውም፣ እትዬ። እሱን ነው የሠራሁት።"

"እኔ ሸክላ ስተኩስ እሳቱን የማውቀው በጭሱ ነው። ሲጠቁርም ሲነጣም ይነግረኛል። የማይናገር እሳት አልወድም። ደጅ አንድደው።"

"እርስዎ ደግሞ ከእሳት ጋር ያወራሉ?"

"አንተስ ከጋዜጣ ጋር አይደል የምታወራ?"

ተሳሳቅን። ምክሩን ግን የሸክላ ሠሪ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።

በተከታዩ ነሐሴ ታናሽ እህቴ ይመኙሻል ከባሏ አገር ከአንበሳሜ ወደ እናቴ ቤት መጣች፤ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና። ሴት ልጅ ወለደች። የአራስ ቤት እንዴት እንደሚጠበቅ የአገሬ ሰው ያውቃል። ምች እንዳይመታት በሩ ይዘጋል፣ የግድግዳው ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል፣ እሳት አይጠፋም። ኩበት ሲነድ ግን ጭሱ ስለሚያስለቅስ እናቴ በየጊዜው በሩን ገርበብ ታደርግ ነበር። ማንም ሳያስበው ቤቱ የሚተነፍሰው በዚያ ጭስ ምክንያት ነበር።

እኔ የሠራሁትን ከሰል ማንደጃ ሙሉ ይዤ ገባሁ።

"ወንድምዓለም፣ ዓይኔ ዐረፈ" አለች ይመኙሻል። "የልጄን ፊት ገና አሁን አየሁት።"

"እንግዲህ በሩን ጥርቅም አድርጊው፣ እማ" አልኳት እናቴን። "የሚወጣ ጭስ የለም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ እሳቴን ሳሳይ ሰነበትኩ። እህቴ ራሴን አመመኝ ስትል "የደም ማነስ ነው፣ አጥሚት ጠጪ" አልናት።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብልጭ አለች። እናቴ ሕፃኗን ልታሞቃት ይዛት ወጣች፤ እህቴ ትንሽ እንድትተኛ ብላም በሩን ዘጋችባት። ገንፎው ደርሶ በሩ ሲከፈት ይመኙሻል የተኛች ትመስል ነበር። ገላዋ ይሞቃል። ደጅ አውጥተን አስተኛናት፣ ውኃ ረጨንባት፣ ቄስ ተጠራ። አልነቃችም።

"ምች ነው" አሉ ሁሉም። እናቴም "ሕፃኗን ላወጣ በሩን ስከፍት ገባባት" ብላ ራሷን ስትረግም ኖረች። እኔ ግን በርሚሉን ስከፍት ስንት ጊዜ ራሴን እንዳዞረኝ አስታወስኩ። እትዬ ዘውዴ ለለቅሶ መጥተው ከሰው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ማንደጃውን አዩ፣ እኔን አዩ። ያስታወስኩትን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ሠራሁ የምለውን ልቁጠር። ከጭንጫ መሬት ማገዶ አውጥቻለሁ፤ በአገራችን ከእኔ በፊት ያደረገው የለም። የተሸረሸረውን ገደል ሰምበሌጥ ተክዬበት ጎርፍ አቁሜያለሁ። ከሰሉን የወሰደውን ሁሉ በር ከፍቶ እንዲያነድ እያስማልኩ ሰጥቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። የእህቴን ልጅ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ሐሙሲት ድሬያታለሁ። እናቴን ራሷን እንደረገመች ቀብሬያታለሁ። ከአዳራሹ በወጣሁ ማግሥት ደግሞ ሐሙሲት ሄጄ ለእህቴ ልጅ እናቷ በምን እንደሞተች ነግሬያታለሁ።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አያቴስ ይህን ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አታውቅም" አልኳት።

ተነሥታ ጓዳ ገባች። እስክሄድ ድረስ አልወጣችም።