ዝግ ብሎ የሚዘፍነው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ቤት የሚመልሰን ሰርቪስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ሳንቀላፋ፣ ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርገው የአንድ የድሮ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ድምፅ ከጀርባዬ መጥቶ ቀና አደረገኝ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው የጊታር ምት ለየሁት፤ ቃሉን ግን ዛሬም በቅጡ አልይዘውም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ ከእኔ ሃያ ዓመት የምታንስ የስፌት ሠራተኛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትከተለው አይቼ የት እንደምታውቀው ብጠይቃት፣ የሰውዬውን ምርጥ ዘፈኖች በሙሉ ስልኳ ላይ አውርዳ እንደያዘቻቸው ነገረችኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ አዳማ ላይ ይህን ሰውዬ ያሰራጨው አባቴ ነበር፤ ያሰራጨውም አበላሽቶ ነበር።

ያኔ ቤታችን ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሪዎች ተሰልፈው ጭነት ከሚጠብቁበት መንገድ ዳር ነበር። ወደ መንገዱ የምትከፈተው ክፍል የአባባ ካሴት ቤት ስትሆን፣ ከእሷ በስተጀርባ፣ በስስ የጣውላ ግድግዳ ተለይታ፣ እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋባት ክፍል ነበረች። አባባ ካሴት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ራዲዮ ጠጋኝ ነበርና ሰዉ ሁሉ «ጋሽ መኮንን ጆሮ አለው» ይል ነበር፤ እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ደስ እንዳላለው ለማስመሰል ብዙ ይደክም ነበር። ድምፁ የሚንሿሿ ካሴት ሱቁ ውስጥ ከተገኘ ይጥለዋል እንጂ ለማንም አይሰጥም ነበር፤ ጥርት ያለ ነገር አቅርቦ የሚኖር ሰው መሆኑን ከምንም በላይ ይወድ ነበር፤ እኛ ልጆቹም ይህንኑ ይዘን ትምህርት ቤት ውስጥ እንኮራበት ነበር።

የአዳማ በጋ ግን ለካሴት አይሆንም። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ሲከር፣ ነፋሱም አቧራውን እያንከባለለ በበሩ ሥር ሲያስገባው፣ ፀሐይ ያገኘው ካሴት ሁሉ ይጣመም ነበር። አባባ ሁለት ዴኮች ነበሩት፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳል። በአንዱ በጋ የማጫወቻው ዴክ ውስጥ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀበቶ በሙቀት ረግባ ተበጠሰች፤ መለዋወጫዋም ከአዲስ አበባ ካልሆነ ስለማትገኝ፣ አባባ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ላይ በመቀስ ቀለበት ቆርጦ በምትኳ ገጠመ። ዴኩ ዞረ። ከበን ስናየው የነበርነው ልጆች አጨበጨብንለት፣ እሱም ክዳኑን በብሎን አስሮ እጁን ታጠበና ነገሩን ረሳው።

ሰውዬው አዳማ የደረሰው ከዚህ በኋላ፣ በግንቦት ነበር። የአሰብ መንገድ ሹፌር የሆነ አንድ ደንበኛ የመኪናውን ቴፕ ሊያሠራ ሲመጣ፣ ወደብ ላይ ከመርከበኛ በልዋጭ ያገኘውን፣ እሱ ራሱ ገና ያልሰማውን ካሴት ይዞ መጣ፤ በላዩም የዘፋኙ ፎቶ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝርና ከእያንዳንዱ ጎን የዘፈኑ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ ታትሞበት ነበር። አባባ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከትቶ አገጩን በእጁ ደግፎ እስከ ምሳ ሰዓት ሰማው። ከዚያ ለሹፌሩ ቴፑን ሠርቶ ቅጂ ሰጠውና ኦሪጅናሉን ራሱ ጋ አስቀረ። ክሩ እንዳይጎዳበት ሰግቶ ሌላ ቴፕ ውስጥ አንድም ቀን አላስገባውም። የአማርኛውን ዘፈን ተቀድቶ የመጣውን እየሸጠ፣ በዚያ ዴክ የሚያጫውተውና የሚቀዳው ይህንን አንዱን ብቻ ሆነ።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ስላልነበረ ለዘፈኖቹ ስም ያወጣላቸው አባባ ነው። አንደኛው አጃቢ ድምፆቹ ወዲህና ወዲያ ሲመላለሱበት የአገር ሽማግሌዎች ስለሚመስሉ «የሽምግልናው» ተባለ፤ ሌላው «የሐዘንተኛው»፣ ሌላው ደግሞ ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ስላለበት «የዝናቡ» ተባለ። ዘፋኙን ራሱን ማንም በስሙ አልጠራውም፤ ሰውዬው ነበር። ከወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከመተሐራ ሹፌሮች፣ ከአቦምሳ ለንግድ የሚመጡ ሰዎች ሳይቀሩ መደርደሪያውን ተደግፈው «ሰውዬውን ቅዳልኝ» ይሉ ነበር። አንድ አዛውንት ቃሉ ሳይገባቸው እንባቸው ሲመጣ አይቻለሁ። ድምፁ ወፍራምና ከባድ ነበር፤ አንዱን ቃል ተናግሮ ወደሚቀጥለው እስኪሄድ ሰው ስለራሱ ነገር የሚያስብበት ጊዜ ያገኝ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የወደደችው ግን እማዬ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የምትወደውን ነገር የማትናገር ሴት ነበረች። ከጣውላው ባሻገር «የዝናቡ» ሲጀምር የስፌት መኪናዋን መርገጫ ከምቱ ጋር ታስማማና ዘፈኑ እስኪያልቅ አንድ ረጅም ስፌት ትጨርስ ነበር። አባባ ለእሷ ለብቻዋ አንድ ካሴት ቀዳላትና በትንሿ ቴፕ ከጨርቁ ክምር ላይ አስቀምጣ ታጫውተው ጀመር። ሁለቱ ሲጣሉም ሲታረቁም ብዙ አይነጋገሩም ነበርና፣ ለእኔ የቤታችን ሰላም የሚታወቀው በዚያ መርገጫ ድምፅ ነበር።

በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ከቆየን በኋላ፣ ክረምት ሲገባ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምንላት ከተማ፣ የእማዬ እህት አክስቴ ጫልቱ ዘንድ ተላክሁ። አክስቴ ሐይቁ አጠገብ ትኖር ነበርና ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስትበልት እየረዳኋት፣ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ እያለች ኦሮምኛዬን ስታርም፣ ደስ የሚል ክረምት ሆኖልኝ ነበር። ግቢው ውስጥ አንዷን ክፍል ሰለሞን የሚባል የዓሣ ባለሙያ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ አንድ ቀን ከቤቱ ሰውዬው ሲዘፍን ሰማሁ። ዘፈኑ እየሮጠ ነበር። ድምፁም የቀጠነና የልጅ ድምፅ የመሰለ ሆኖብኝ፣ የጠጋኝ ልጅነቴ ተነሣብኝና በሩ ላይ ሄጄ ቴፑ እንደተበላሸ፣ ሞተሩ እንደሚፈጥን ነገርኩት። ሰለሞን አልተቆጣም፤ ወንድሙ ከውጭ የላከለት ኦሪጅናል መሆኑን ነግሮኝ፣ የማውቀውን አንድ የአማርኛ ካሴት አስገባ። ቴፑ ደህና ነበር፤ የአማርኛው ዘፋኝ እንደ ሁልጊዜው ዘፈነ። ከዚያ እኔ ከቤት ይዤው የመጣሁትን የአባባን ቅጂ አስገባን፤ ሰውዬው ከብዶ፣ ዝግ ብሎ መጣ። ሰለሞን ሳቀ፣ እኔ ግን ወዲያው ዴኩን ስታዘገየው የኖረችው የከመነዳሪዋ ቀለበት ትዝ አለችኝ። ጆሮ ያለው አባቴ ለሦስት ዓመት ለአገሩ ሁሉ ስህተት ሲያከፋፍል ኖሯል።

መስከረም ላይ ስመለስ እማዬ በዩኒፎርም ሥራ ተወጥራ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ሳትረግጥ፣ ጨርቁ ላይ እጇን እንዳደረገች ሰማችኝ። «አትንገሪው» አለች። «ካወቀ ዝም ብሎ የሚተወው ሰው አይደለም፤ እኛ ደግሞ የለመድነው ይኼንኑ ነው።» ቃል ገባሁላት፤ እስከ ኅዳርም ጠበቅሁ። ግን ደንበኞች አባባን ሲያመሰግኑት እሱ ያንን ደስ እንዳላለው የሚያስመስለውን ፊቱን ሲያሳይ ማየት ከበደኝ፤ ሰው ከኋላው እየሳቀበት ይመስለኝ ጀመር፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነገርኩት።

አያምነኝም ብዬ ነበር። እሱ ግን የካሴቱን ሽፋን አንሥቶ ከዘፈኖቹ ጎን የታተሙትን ቁጥሮች አየ፣ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና «የሽምግልናው»ን ከመጀመሪያው አጫወተ። ዘፈኑ ሊያልቅ ከሚገባው ጊዜ አልፎ ሄደ። ሌላውን አስቀጠለ፤ እሱም አለፈ። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቱ ተቀምጠው ነበር፣ ለመለካት ግን አስቦ አያውቅም፤ በጆሮው ይተማመን ነበርና። ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔን አልተቆጣኝም፣ ይህም ከመቆጣት ባሰብኝ።

ሱቁን ሁለት ቀን ዘግቶ አዲስ አበባ ሄደ፤ ትክክለኛዋን ቀበቶ ገዝቶ መጥቶ ገጠማትና ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ከሰዓቱ ጋር አመሳከረ። ከዚያ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፦ «ከዚህ ሱቅ ሰውዬውን ያስቀዳችሁ ሁሉ፣ የተቀዳው ስህተት ነውና ይዛችሁ ኑ። በነፃ ይታረማል።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም ነበርና አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነበው ነበር፤ አንዳንዱም እያነበበ ይስቅ ነበር። አባባ ማረም የጀመረው ከገዛ ቤቱ ነው። ከእማዬ የጨርቅ ክምር ላይ ካሴቷን ሲያነሣ እሷ መርገጧን አቆመች።

«የእኔን እንኳ ተወው» አለችው። «እግሬ ለምዶታል።»

«የተበላሸ መሆኑን እያወቅሁ ቤቴ ውስጥ አላስቀምጥም» አለና በላዩ ላይ ቀዳበት።

ካሴቷ ስትመለስላት እማዬ አንድ ጊዜ ሞከረቻት። «የዝናቡ» ሲጀምር እንደ ልማዷ ረገጠች፣ ምቱ ቀደማት፣ ፈጠን ብትል ክሩ ተበጠሰባት። ክሩን በምላሷ አርጥባ መርፌው ውስጥ መልሳ ከተተች፣ ቴፑን አጠፋችና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ያን ቴፕ ስታበራ አላየኋትም፤ ቂም የያዘች ግን አይመስለኝም፤ አባባንም በነገሩ አላነሣችበትም።

ጥር ሲደርስ ሠርገኛው ሁሉ ካሴት ፈላጊ ሆነ። በወንጂ ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሚሠራ ላምቤቦ የሚባል የከምባታ ልጅ ነበር፤ ሙሽራይቱን ይዞ የሚገባው በ«የሽምግልናው» እንዲሆን ወስኖ፣ ሚዜዎቹን ለሳምንታት አለማምዶ፣ ማስታወቂያውን አይቶ ካሴቱን ለማሳረም መጣ። አባባ በደስታ አረመለት። በሦስተኛው ቀን ላምቤቦ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይኼኛውም ደህና ሰው ነው» አለ። «እኔ የማውቀው ግን የድሮውን ነው። ያንን ይመልሱልኝ።»

አባባ ያኛው ሰው እንዳልነበረ፣ የጎማ ስህተት እንደነበረ፣ ቀበቶዋን ሳይቀር እያሳየ አስረዳው። ላምቤቦ በአክብሮት ሰማና ጥያቄውን ደገመ። ቀለበቷ ገና መሳቢያው ውስጥ ነበረች፤ መልሶ መግጠሙ የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። አባባ ግን እምቢ አለ። ከላምቤቦ በኋላ ሌሎችም እየመጡ ያንኑ ለመኑት፤ ሁሉንም መለሳቸው። ሰዉም ካሴቱን ለማሳረም መምጣቱን ተወ፤ ያልታረመ ካሴት ያለው ሰው ተፈላጊ ሆነና እርስ በርስ መቃዳት ጀመሩ፤ ስህተቱም ያለ አባባ በየጋሪው፣ በየሻይ ቤቱና በየሠርግ ቤቱ ቀጠለ። እሱ ሰውዬውን መቅዳት አቁሞ ወደ ራዲዮ ጠገናው፣ ኋላም ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ጋሽ መኮንን ጆሮ አለው የሚለው ቀርቶ፣ ጋሽ መኮንን ግትር ነው ይባል ጀመር።

እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ አባባ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ አሁን መስማት የሚችለው ድምፅ ከፍ ሲልለት ነው። ያን ቀን ከሰርቪስ ወርጄ ቤት እንደገባሁ ሰውዬውን ስልኬ ላይ ፈልጌ «የዝናቡ»ን ከጆሮው አጠገብ ያዝኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማውና «ልክ ነው» አለ፤ የሚናገረው ያለቀ መስሎኝ ራት ላቀርብ ተነሣሁ።

«ለእናትሽ ግን አንድ መተው ነበረብኝ» አለ።

ራቱን አቅርቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነገሩን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አፍርሼ ነው የነገርኩት፤ እስከዚያች ቀን ድረስም ትክክል እንደሠራሁ ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የእኔ ሥራ ጥራት መቆጣጠር ነው፤ ስፌቷ በግማሽ ሴንቲ የሳተባትን ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ እየለየሁ እጥላለሁ፤ ይህን ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው። ሰርቪስ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ ዘፈኑን ስልኳ ላይ ዝግ ማድረግም ማፍጠንም እንደሚቻል አሳይታኛለች፤ ዛሬ ማንም እንደሚጥመው አድርጎ ይሰማል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። ያኔ እማዬ የነበራት አንድ ካሴት ነው፣ ልክ የሆነው የቱ እንደሆነ የሚወስነውም አንድ ሰው ነበር፤ እናቴም የለመነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።