ትሁት ማንበብ የቻለች ቀን

በለጠች ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የገባችው ልታስተምር አልነበረም። ባሏ ቻላቸው ለአንድ የአጨዳ ወቅት ብሎ በገላባት ድንበር አሻግሮ አመጣት። እሱን ወባ ገደለው፤ እሷ መመለሻ ገንዘብም መመለሻ ልብም አጥታ ካምፑ ውስጥ ቀረች። አሥረኛ ክፍል የደረሰ ሰው ከእሷ ሌላ ሲጠፋ ጊዜ አንደኛ ክፍሎችን አማርኛ አስተምሪ አሏት። ምላሷ ስለት ነው፤ ለልጅ ግን አንጀቷ አይችልም።

የካርቱሙ ጦርነት መጥቶ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች በተፈናቃይ ሲሞሉ ለእሷና ለዐረብኛ መምህርቷ ለናጂያ አንዲት ክፍል ለሁለት ደረሰቻቸው። ናጂያ ገዳሪፍ ከተማ ተወልዳ ያደገች የባለሱቅ ልጅ ናት፤ አማርኛውንም ፊደሉንም ከአባቷ ሱቅ ደንበኞች ለምዳለች። መጀመሪያ በሰሌዳው ተናከሱ። ሲደክማቸው ተስማሙ፤ አንዷ ሰሌዳው ላይ ስታስተምር ሌላዋ ወደ ኋላ ከቀሩት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ከቀሩት ሁሉ የባሰችው ትሁት ነበረች፤ የሰባት ዓመት ልጅ። ፊደሉን በዜማ ስታወርደው ጆሮ ያስደስታል። መሃል ላይ አንዱን ነጥለው ሲያሳዩአት ግን ከ«ሀ» ተነስታ ካልደረሰችበት አታውቀውም። አባቷ ያረጋል የቀን ሠራተኛ ነው። ሲያስመዘግባት፣ «እትዬ፣ ማንበብ እስክትችል እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ። ከቻለች ወዲያ ግን ፋው፣ ጥጥ እርሻው ይዘናት እንወርዳለን፤ እናቷ ጥጥ ስትለቅም ሕፃኑን የሚይዝ የለም» ብሎ ነበር። በለጠችም እሺ አለች። በልቧ፣ ይህችን ልጅ ሁለት ዓመትም አይበቃት፣ እስከዚያ እሱም ይረሳዋል ብላለች። ብልጥ ነኝ ባይ!

ፊደሎቹን በሳሙና ካርቶን ላይ ጽፈው፣ ቆራርጠው፣ አደበላለቁላት። ናጂያ ምንጣፉ ላይ «ባልዲ»ን፣ «ማሽላ»ን፣ «ውሃ»ን ስታስገጣጥማት በለጠች ከሰሌዳው ሆና በአንድ ጆሮዋ ታዳምጣለች። ትምህርት ሲያልቅ የትኛው ፊደል እንዳሳሳታት ይነጋገራሉ፤ በማግስቱ ከዚያው ይጀምራሉ። ዓመቱ ሳይጋመስ ትሁት ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ያለ ዜማ አነበበች። ናጂያ እልል አለች። በለጠች ልጅቷን አቀፈቻት፤ ያረጋል ትዝ ያላት ከለቀቀቻት በኋላ ነው።

«አትንገሪው» አለች ናጂያ። «ወላሂ፣ አሁን ካቆመች ሁሉም ይጠፋባታል። ገና አልረጋላትም እኮ!»

የጥጥ ለቀማው ሲደርስ ያረጋል መጣ።

«እትዬ በለጠች፣ ሎሪው ነገ ይነሳል። ልጅቱ እንዴት ሆነች?»

«ገና ናት» አለች በለጠች፣ ዐይኑን ሳታይ። «ምንም አልገባት።»

ትሁት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷ ልውጥ አለ። ማንም ሳይጠራት ገብታ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳችና ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች ማንበብ ጀመረች። ናጂያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በለጠች ለተማሪ ተመኝታ የማታውቀውን ተመኘች፤ እባክሽ አንዱን እንኳ ሳቺ አለች በሆዷ። ትሁት አንድም ሳትስት እስከ ታች ጨረሰችው።

ያረጋል ፊደል የሚባል አያውቅም። እንባው መጣ። ጎንበስ ብሎ የበለጠችን ጉልበት ሳመ። ስለ ውሸቷ አንዳች አላነሳም፤ «ልጄን ዐይን እንዳይበላት ብለው ነው» ብሎ አስቦ ይሆናል።

«ቃልዎን ሞሉ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔም እንግዲህ እንደ ቃሌ፤ ነገ ይዣት እወርዳለሁ።»

«ያረጋል፣ ገና መጀመሯ ነው። ይህን ዓመት እንኳ ተዋት፤ በማርያም!»

«አነበበች አይዶል እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ቀረ?» አላት ከልቡ ግራ ገብቶት። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው በቀለላት።

ትሁት የአባቷን እጅ ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እትዬ፣ ለምን አትችልም አሉኝ?»

በለጠች ጎንበስ ብላ የካርቶን ፊደሎቹን ከምንጣፉ መልቀም ጀመረች። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ሄደች።