የትልቁ ገንዳ ቀያዮች

ሰፈሩ «ጋሽ ማነው» ይለው ነበር፤ በር በተነካ፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር «ማነው?» ማለት ልማዱ ስለሆነ። ከቤቱ ጀርባ በሲሚንቶ ገንዳዎች የጌጥ ዓሣ ያረባል። ገበያ ያላቸው ከትንሽ ጣት የማይረዝሙት፣ ጭራቸው እንደ ፍም የቀላው ወንዶቹ ናቸው። ለሴቶቹ ዓሦችም ያው ነው፤ ቀዩ ጭራውን ዘርግቶ ሲውረገረግላቸው ሌላውን ዞር ብለው አያዩም።

አንድ ሰሞን ታዲያ በትልቁ ገንዳ ቀያዮቹ እየሳሱ ሄዱ። የሚታየው አፈር የመሰለ ደብዛዛ ዓሣ ብቻ ሆነ።

ጋሽ ማነው ወዲያው የእህቱን ባል ጠረጠረ። ውሃ የሚቀይረውም፣ የጓሮውን ቁልፍ የያዘውም እሱ ነበር።

«ቀዩን እያወጣ ይሸጣል፤ በምትኩ ርካሹን ይጨምርልኛል» አላት እህቱን።

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረህ! ለምነህ ያመጣኸው አንተው አይደለህ?»

አልሰማትም። ቁልፉን እንዲመልስ ጠየቀው። አማቹ ቁልፉን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ቀያዮቹ ግን መቀነሳቸውን አላቆሙም። «ሌላ ቁልፍ አስቀርጿል ማለት ነው» አለ ጋሽ ማነው።

ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ወንዶቹ ዓሦች በጭፈራቸው መሃል ድንገት ጭራቸውን አጥፈው ቅጠል ስር ሾለኩ። አጥሩ ላይ ምንቃረ ረጅም ወፍ አርፎ ነበር። ወፉ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ዓሣ ብቅ አለች፤ አንዱ ቀይ አላስችል ብሎት ወጣና ጭራውን ዘረጋላት። ወፉ እንደ ድንጋይ ወርዶ ቀዩን ለቀመው። አጠገቡ የነበረውን ደብዛዛ ዞር ብሎም አላየው።

ጋሽ ማነው ጫማውን በቅጡ ሳያስር እህቱ ቤት ሄደ። አማቹ ወንበር ሲጠግን አገኘው።

«ወፍ ነው» አለው።

«አውቃለሁ። ቁልፉን የተቀበሉኝ ዕለት አጥሩ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

ጋሽ ማነው «ወፉን ያለመድከው አንተ ነህ» ይለው እንደነበር ያውቃል።

ገንዳውን በመረብ ሸፈነው፤ ቀያዮቹም ቀስ በቀስ በረከቱ። አማቹ መስታወት ቤት ተቀጥሮ አልተመለሰም። እህቱ ብቻ አልፎ አልፎ ትመጣለች።

«ሰላም በይልኝ ብሎኛል» ትለዋለች።

ከሸኛት በኋላ ጋሽ ማነው በሩን ይዞ ይቆማል። ከልቡ ብሎ ነው፣ ወይስ እሷ ከራሷ ጨምራ?