በጨረቃ የተቆጠረ ሙት ዓመት

ለንደን፣ ስትሪትሃም በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ፍላት በታች የሚኖሩት ሂንዱ አዛውንት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። ሟች ባለቤታቸው ኩሽና ውስጥ ሰቅለውት የነበረውን ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ የሚስቴን ሙት ዓመት ሳላውቀው አሳለፍኩት» አሉኝ።

ቀኑን በእንግሊዝ አቆጣጠር ይዘው፣ ለመታሰቢያው ሩዝና ምስር ገዝተው፣ ለቤተ መቅደሳቸው ካህን ሲደውሉ «አሥራ አንድ ቀን አልፎታል» ተባሉ። በእነሱ ዘንድ ሙት ዓመት የሚታሰበው በጨረቃ ነው። ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ሙስሊም ነኝ፤ የእኛም ረመዳን በየዓመቱ እንዲሁ ቀደም እያለ ይመጣል።

እሳቸው ቤት ወርደን ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥን። ቀናቸው የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከዚያ እስክትጠልቅ ያለውን ስምንት ቦታ ይከፍሉታል፤ ከስምንቱ አንዱ ምንም ነገር የማይጀመርበት ክፉ ሰዓት ነው። ፀሐይ ለንደን የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ከሕንዱ ስለሚለይ፣ ባለቤታቸው ሰዓቱን በየቀኑ በእርሳስ አስተካክለው ጽፈውታል።

አንድ ሰኞ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሆስፒታል የወሰድኳት ያን ዕለት ነው። ‹ይቺ ሰዓት ትለፍ› አለችኝ። ታክሲው በር ላይ ቆሞ ነበር። ‹ተነሺ እንጂ› አልኳት።»

ሴትዮዋ ከዚያ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

«ብትቆዩም ያው ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ግን ስትለምነኝ አልሰማኋትም።»

ቀኑ ያመለጠ ሙት ዓመት ጨረቃ በማትታይበት ቀን ሊታሰብ እንደሚችል ካህኑ ነግረዋቸው ስለነበር፣ ያን ቀን ከሥራዬ ኦፍ ወስጄ አብሬያቸው ዋልኩ። ሩዙን ቀቅለው አድቦልቡለው በረንዳው ላይ ለቁራ አስቀመጡ። በእነሱ እምነት ቁራ ከቀመሰው ሟቿ ተቀበሉት ማለት ነው። እርግቦች መጡ፤ አባረሯቸው። ቁራ አልመጣም።

ቆመን ስንጠብቅ፣ አባቴ እንደሞቱ ያውቁ ነበርና «የአንቺስ አባት መቼ ነው የሞቱት?» አሉኝ።

«ቀኑን አላውቀውም። ስደት ላይ ነበርኩ። ክረምት እንደነበር ብቻ ነው የነገሩኝ።»

«በጨረቃስ?»

«በምንም።»

ከዚያ የሞተበት ቀን የማይታወቅ ሰውም ጨረቃ በሌለችበት ቀን እንደሚታሰብ ነገሩኝና፣ ከድስቱ ጥቂት ሩዝ ቆንጥረው ከሚስታቸው ሩዝ ጎን አስቀመጡ። በእኛ ሃይማኖት እንዲህ አይደረግም። አንሱልኝ ማለት ግን አልቻልኩም።