ከሙታን መዝገብ የጠፋው ባሕረኛ

ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለሹማምንቱ ካሠራቸው ቤቶች ነው። እነዚያ ቤቶች ከመሠራታቸው በፊት እኛ እዚያ እንኖር ነበር። አባቴ በገዛ እጁ ማግሮ፣ መርጎ፣ የከደናት አንዲት ጎጆ ነበረችን፤ ከጓሮዋ ጌሾና ጥቂት ጎመን። አባቴ የሸዋ ሰው ነው። በየካቲቱ እልቂት ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ቀረ። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። ጎጆዋ ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን።

እናቴ የሰሜን ሰው ናት። አባቴ በቅሎ እየነዳ በሚነግድበት ዘመን ከምጽዋ በላይ ካለ የደጋ አገር አግብቶ አመጣት። አማርኛዋ እስክትሞት ድረስ የአገሯን ለዛ አልለቀቀም። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ለዛ እየሰማ በፍቅር ይስቅላት ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን ንግግሯ ከሰሜን ካመጣቸው ወታደሮች ንግግር ጋር አንድ ሆነና የሰዉ ፊት ጠቆረባት። ከሁሉ የከፋችው ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች። በዚያው በየካቲቱ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አጥታለች። እናቴ ውኃ ቀድታ ስታልፍ ምራቋን ትተፋባታለች።

«የባንዳ ዘር!» ትላታለች።

እናቴ እንስራዋን አስተካክላ ትገባለች።

ስድቡ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። የእናቴ አባት የጣሊያን ባሕረኛ ነበር። ሰፈሩ ይህን ያወቀው ከራሷ አፍ ነው፤ በደጉ ጊዜ ትኮራበት ነበራ። ከደጋ ወርዶ ምጽዋ ላይ በጦር መርከብ ተቀጠረ፤ ሥራው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ከእሳቱ ዘንድ ቆሞ ከሰል መጨመር ነበር። ጣሊያን ከቱርክ ጋር በተዋጋ ጊዜ መርከቡ ወደ የመን ጠረፍ ሄደ። እሷ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። መርከቡ ሲመለስ አባቷ አልተመለሰም። እናቷ ወደብ ወርዳ ብትጠይቅ «ባሕር በላው» ብለው ሸኟት። እናቴ እንዲህ አባቷን ባሕር የበላባት የሙት ልጅ ሆና አደገች። አዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች በክርስትና ስሙ ታስጸልይለት ነበር። ከእሱ የቀራት አንድ ጥቁር ጥብጣብ ነው፤ ከባሕረኛ ቆቡ ላይ የተፈታ፣ የመርከቡ ስም በቢጫ ክር የተጠለፈበት።

አባቴ ከሞተ ዓመት ሳይሞላ መሐንዲሶች ካስማ እየተከሉ፣ ገመድ እየወጠሩ መጡ። በየበራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። «ወር ሳይሞላ ልቀቁ» ተባልን። ወዴት እንደምንሄድ የነገረን የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ ከገበያ ፊቷ በርቶ ገባች። ለጣሊያን ሲዋጉ የሞቱ ያገር ልጆች ስም በእምነ በረድ ላይ ሊቀረጽ ነው፣ ስሞቹን የሚያጣራ ቢሮም ከሰፈራችን በላይ ተከፍቷል፣ ዘመዳቸው ከመዝገቡ የተገኘላቸው ቤተሰቦች ቤታቸው አይፈርስም የሚል ወሬ ሰምታ ነበር።

«ስሙን ካገኙት አይነኩንም» አለችኝ።

«እነማን ናቸው የማይነኩን?»

«እነሱ ናቸዋ። አባቴ ሞቶላቸዋል።»

«አባቴን ደግሞ ገድለውታል» አልኳት።

በጥፊ መታችኝ። በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው የመታችኝ። ቀጥላ ነጠላዬን አቀበለችኝ፤ ያለ እኔ መሄድ አትችልማ። ፊደላቸውን ከጦርነቱ በፊት ከሚስዮን ትምህርት ቤት ቆጥሬአለሁ፤ ንግግሩን ደግሞ ከአንድ ጣሊያን መኮንን ቤት ልብስ ስተኩስ ለምጄዋለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴንም ጣሊያኖቹንም እኩል የጠላሁበት ዘመን ነው።

ቢሮው በጣውላ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። ደጁ ላይ መበለቶችና እግረ ቆራጣ ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ውስጥ ማሬሻሎ የሚሉት ሸበቶ ሹም ከወፍራም መዝገብ ፊት ተቀምጧል። ራሱም የድሮ ባሕረኛ ነው አሉ፤ ያስለዋል፣ ደግሞም ይሳደባል። አጠገቡ እንደ እናቴ የሰሜን ሰው የሆነ አስተርጓሚ ቆሟል።

እናቴ እጅ ነሣች። ግንባሯ ጉልበቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ያጻፈችውን ማመልከቻና ጥብጣቡን ስትሰጠው ማሬሻሎው የመርከቡን ስም አንብቦ ፊቱ ትንሽ ለዘብ አለ። መዝገቡ የተደራጀው በየመርከቡ ነበር። በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። የሞቱት ሁሉ ከስማቸው ፊት «ካዱቶ» የሚል ቃል አላቸው፤ የወደቀ ማለት ነው፤ በጦርነት የሞተ። ለአማርኛ ጆሮ ግን «ካዱ» የሚል ይመስላል። ያ ቃል ሲነበብ በሆዴ ሳቅኩ።

«የለም» አለ ማሬሻሎው። «ቀጣይ!»

እናቴ አልነቃነቅ አለች። «ይፈለግልኝ ጌታዬ። እነሱ ስም ሲጽፉ ያጣምማሉ፤ የአባትን ስም ከፊት ያስቀድማሉ።»

አስተርጓሚው «አደይ፣ ዛሬ ይብቃዎ» አላት፤ በአገሯ ወግ እናቴ ብሎ ሲጠራት ነው። «የመርከቡ ሠራተኞች ሁሉ ያሉበት ሌላ መዝገብ አለ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ያኔ ይምጡ።»

ያቺ ሳምንት አልገፋ አለችን። ጎረቤታችን የት እንደሄድን አውቃለች፤ በማግስቱ በራችን ላይ እበት ተለቅልቆ አገኘነው። እናቴ አጠበችው። እኔ ማጠቢያውን ውኃ ሳቀብላት፣ እውነቱን ልናገርና፣ እበቱን የለቀለቀችው እጅ የእኔ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

በሳምንቱ ሄድን። ማሬሻሎው ሁለተኛውን መዝገብ ከፈተ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጥቂት ታግሎ ዓይኑን እያሸ አስተርጓሚውን ጠራው። አስተርጓሚው ከሌላ ባለጉዳይ ጋር ስለነበር፣ ባለፈው ከመዝገቡ ላይ ሳነብ አይቶኝ ኖሮ «ይቺ ልጅ ታነባለች» አለና መዝገቡ ወደ እኔ ተገፋ።

ገጹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ሁሉም ስም ተጣምሟል። የሰው ስም ከአገሩ ስም ጋር ተቀላቅሏል፤ አንዱ ሦስት ቦታ ይገኛል፣ ሌላው ግማሹ ብቻ ተጽፏል። እናቴ በትከሻዬ በኩል እየተነፈሰች፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የመንደራቸውን ስም እየደጋገመች ትነግረኛለች። ከሰል ጨማሪዎቹ ካሉበት ገጽ ስደርስ አገኘሁት። የአያቷ ስም ከፊት፣ የአባቷ ከኋላ ሆኖ ተጽፏል። መንደሩ ልክ ነው፤ ሥራውም ልክ ነው። ከስሙ ትይዩ በቀይ ቀለም «ዲዘርቶሬ» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከመርከቡ ዘሎ ወደ የመን ጠረፍ እየዋኘ አመለጠ፤ አልተያዘም።

ከዳ ማለት ነው። ጥሏቸው ጠፋ።

አስተርጓሚው መጥቶ በላዬ አጎንብሶ ነበርና እሱም አየው። በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «አላገኘሁም በዪና ውጪ» አለኝ። «ለእናትሽ ስትዪ።»

ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ሰውን አላታልልም። አባቴ ትዝ አለኝ፤ እናቴ ደጋግማ እጅ የነሣችው ትዝ አለኝ፤ ምራቁም እበቱም ትዝ አለኝ። ቀና አልኩና ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ በጣሊያንኛ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጽሑፉ እስኪያልቅ ድረስ እየሳቅኩ ነበር።

የማሬሻሎው ፊት ቀላ። «ለከሃዲ ነው ይህን ሁሉ የደከምኩት?» አለና የእናቴን ማመልከቻ ከሁለት ቀደደው። ጥብጣቡን ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

እናቴ አንዳችም አልገባትም። ክንዴን ያዘችኝ። «ምን አለ? አገኘሽው አይደል?»

«አገኘሁት። አልሞተም። ከድቷቸው አመለጠ።»

«አልሞተም?»

«አልሞተም አልኩሽ! በዋና አመለጠ። አልያዙትም።»

ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «እውነቷን ነው ወንድሜ?»

«ጽሑፉ እንዲያ ይላል፣ አደይ» አለ፤ ሊያያት አልፈለገም።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነው ያለው?» አለች እናቴ።

ዘበኛው መጥቶ አስወጣን።

በመንገድ ላይ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። እኔ ልቤ ሞልቷል። ሰፈር ስንደርስ ጎረቤታችን ከአጥሯ ላይ ጨርቅ ታሰጣለች። እናቴ ሰላም ሳትላት አለፈች፤ እኔ ግን ቆምኩ።

«እትዬ፣ አያቴ ባንዳ አልነበረም» አልኳት። «መዝገባቸው ላይ አንብቤዋለሁ። ከመርከባቸው ዘሎ፣ ከድቷቸው ነው የጠፋው።»

ጨርቁን ያዝ አድርጋ አየችኝ። «ልጁስ?»

«የምን ልጅ?»

«እናትሽ ናታ! ሲያመልጥ እሷን ይዟት ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያ ምኑ ነው የሚያስፎክርሽ? ለእነሱም አልሆነ፣ ለልጁም አልሆነ። ሂጂ ወዲያ!» አለችኝና እንደ ልማዷ ተፋች። የዚያን ዕለቱ ምራቅ በእኔ ላይ ነበር።

ቤታችንን ያፈረሱት ወሩ ሳይሞላ ነው። የጎረቤታችንም ቤት በዚያው ቀን ፈረሰ፤ እሷ ወዴት እንደሄደች አላውቅም። እኛ ዕቃችንን በጀርባችን ተሸክመን ወደ ቂርቆስ ወረድንና ከአንድ ቆዳ ፋቂ ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሽታው ከልብሳችን አይወጣም። ክረምቱን ሙሉ እናቴ ከግድ በቀር አላናገረችኝም። «እንጨት አምጪ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ በቃ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ትክክል የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ትክክል እንደሠራሁ ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ እንጀራዬን ሳልጨርስ እነሣለሁ።

የአባቷ መታሰቢያ ቀን ሲደርስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተከትያት ሄድኩ። ቄሱ እንደ ዓመቱ ልማድ ሊያስቡላት ተነሡ።

«አባ፣ ዘንድሮ ስሙን ከሙታኑ ጋር አይጥሩት» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ?»

«መሞቱን አላውቅም።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ቢኖርም ባይኖርም ጸሎት አይጎዳውም» አሏት።

«እኔን ጎድቶኛል» አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላስጸለየችለትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እኔም ካገባሁ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ታማ ተኝታ ጸጉሯን ሳበጥርላት ነገሩን አነሣሁት። «ያን ዕለት ማንበቤ አጠፋሁ?» አልኳት።

ዓይኗን ከደነች። የተኛች መሰለኝ።

«ማንበብሽ አይደለም» አለች። «ስታነቢ ሳቅሽ።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ አፌ እንቢ አለ። እጇን ዘርግታ ማበጠሪያውን መልሳ አስያዘችኝ፤ ጨርሺው እንደማለት። ጨረስኩት።

ድና ስትነሣ አዲስ ልማድ አወጣች። በዚያን ጊዜ በቂርቆስም በካዛንቺስም ከየመን የመጡ ዓረቦች ሱቅ ነበራቸው። ደጃችን ላይ ያለውን የሀገር ልጅ ሱቅ ትታ ስኳሩንም ሳሙናውንም ከእነሱ ትገዛ ጀመር። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች፣ በቱርኩ ጦርነት ጊዜ ከባሕር ወጥቶ እዚያ የቀረ ደገኛ ሐበሻ ሰምተው እንደሁ ትጠይቃቸዋለች። አብዛኞቹ ያዝኑላትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ሽማግሌ ግን ሚዛኑን ትቶ አዳመጣት።

«እሜቴ፣ እኛ አገር እንዲህ ሆኖ የቀረ ሐበሻ ብዙ ነው» አላት። «ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ስማቸውንም ይለውጣሉ።»

«ልጆች ይወልዳሉ?» አለችው።

«እንዴታ!»

እናቴ ስኳሯን ተቀብላ ወጣች። ከሱቁ እስከ ቤታችን ከፊቴ ቀድማ ሄደች። በሩን ስከፍትላት፣ «እኅት ይኖረኝ ይሆን?» አለችኝ፤ መዝገቡን ካነበብኩበት ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር።